የዘነበወርቅ ጉልበትና የእኔ ብርዝ

የዘነበወርቅን መሞት በስልክ ነገሩኝና ካፖርቴን ደርቤ ልቅሶ ቤት ሄድኩ። ገና ወንበር ይዤ ሳልደላደል፣ ከጎኔ የተቀመጠ ክራባት ያሰረ ሰው ወደ ጓደኛው ጠጋ ብሎ፣ «ውፍረቷ ነው የገደላት፤ ስኳርና ውፍረት» ሲል ሰማሁት። ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ጆሮዬ ግን ከጎረምሳ ጆሮ አያንስም።

«ማን ነገረህ?» አልኩት።

«ኧረ እንዲሁ ነው አባባ። ሰው ሲል ሰምቼ ነው።»

«በሳንባ ምች ነው የሞተችው። ስለ ውፍረቷ ደግሞ አንተ አትናገርላትም። እሷ ራሷ በሕይወቷ ሳለች ተሟግታ የጨረሰችው ጉዳይ ነው።»

ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ሳሎኑ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ይየኝ። በማግስቱ ጠዋት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። ዘነበወርቅን በቅርብ የሚያውቅ፣ የሆነውንም አስተካክሎ መጻፍ የሚችል ሰው በዚህ ከተማ ከእኔ ሌላ የለም።

ስሜ ንጉሤ ነው። ትምህርት ቤት የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ራሴ ለራሴ አስተምሬዋለሁ፤ እንግሊዝኛን ከመዝገበ ቃላት፣ ኤሌክትሪክን ከተበላሹ ሬዲዮኖች፣ የቧንቧ ሥራን ደግሞ እዚህ ቶሮንቶ፣ ኤግሊንተን ዌስት አጠገብ ባለ አንድ ባለ አሥራ አራት ፎቅ ሕንፃ ሃያ ሁለት ዓመት ሱፐር፣ ማለት የሕንፃው ተቆጣጣሪና ጠጋኝ፣ ሆኜ ስሠራ። በእኔ ጊዜ የሕንፃው ማሞቂያ ቦይለር አንድ ክረምት እንኳ ቆሞ አያውቅም። ከእኔ በኋላ የተቀጠረው ባለ ዲፕሎማ በመጀመሪያው ጥር ተከራዩን በብርድ ሲያንቀጠቅጥ ከረመ። መጥተው ሲለምኑኝ ወርጄ ያስነሳሁት እኔ ነኝ። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው።

ዘነበወርቅ እኔም አሁን ድረስ የምኖርበት የዚያው ሕንፃ ስድስተኛ ፎቅ ነዋሪ ነበረች። ሥራዋ ተማሪ ማሻገር ነው። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ብርቱካንማ ሰደርያ ለብሳ፣ ቀዩን «ቁም» የሚል ምልክት በእንጨቱ ይዛ መንገዱ ዳር ትቆማለች። ልጆች ሲሰበሰቡ መሐል አስፋልት ትገባና ምልክቱን ወደ ላይ ታነሳዋለች። ያኔ ሁሉም ይቆማል።

ወፍራም ነበረች። ቃሉን የምጠቀምበት እሷ ስለፈቀደች ነው። «ጋሼ፣ ወፍራም ይበሉኝ» ትለኝ ነበር፤ «ደልደል ያለች የሚለኝን ሰው አላምነውም፤ ሌላም የሚደብቀው ነገር አለ።» አንዱ የአገር ሰው መንገድ ላይ አግኝቷት «ውይ ዘኑ፣ ጨመርሽ እኮ!» ሲላት፣ «አዎ፣ አንተ የቀነስከው የት የሄደ መሰለህ?» አለችው። ሰውየው እስኪገባው ድረስ አልፋው ሄዳለች።

በዚያ ዘመን ኤግሊንተን ዌስት የምድር ባቡሩ ግንባታ ተጀምሮ ነበር። መንገዱ ተቆፍሯል፣ አጥሩ በየሳምንቱ ቦታ ይቀይራል፣ የጸጉር ቤቶቹና የካሪቢያን ምግብ ቤቶቹ በር በአቧራ ተሸፍኗል። አንድ ጠዋት አንድ የሲሚንቶ መኪና ልጆቹ ገና እየተሻገሩ ጥሩንባውን ነፋባት። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ ስለ ሰውነቷ አንድ የማይጻፍ ነገር ተናገረ። ዘነበወርቅ ልጆቹን አሳለፈችና ከመሐል መንገድ አልወጣችም። ምልክቱን እንዳነሳች ሾፌሩን ዓይን ዓይኑን እያየች ቆመች። «መንገዱ ሰፊ ነው፤ እኔም ሰፊ ነኝ። ጠብቅ» አለችው በአማርኛ። ጠበቀ። የተቃራኒው ወገን መኪና ሁሉ ጠበቀ። ይቅርታ ሲጠይቅ ነው የወጣችለት። እኔ ከፋርማሲው በር ላይ ቆሜ አይቻለሁ።

ግን እኔ ያየሁት ሌላም ነገር ነበር። ወደ ዳር ስትመለስ የምልክቱን እንጨት እንደ ምርኩዝ ተደግፋው ነበር።

የቀኝ ጉልበቷ አልቆ ነበር። ራጅ ተነስታ፣ አጥንት ከአጥንት እየተፋጨ ነው፣ በብረት መቀየር አለበት ተባለች። ወረፋ ጠበቀች። መጨረሻ ላይ ሰርጀሪው በመጋቢት ወር ተቀጠረላት። ቀጣሪዎቿም አንድ ነገር ቁርጥ አድርገው ነግረዋት ነበር፤ መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት መቆም ካልቻለች የምትቆምበት የመንገድ ማዕዘን ለሌላ ሰው ይሰጣል። «ከዚያ ማዕዘን ከነሱኝ ቤት ነው የምቀመጠው» አለችኝ። «ቤት ከተቀመጥኩ ደግሞ መነሳት የለም። ራሴን አውቃለሁ።»

አሁን ስለ ስህተቱ እጽፋለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ይዘለዋል።

ቀጠሮዋ የዋለው በዐቢይ ጾም ውስጥ ነው። ዘነበወርቅ በቀን አንዴ ነበር የምትበላው። ፊቷ ገረጣብኝ። ሐኪም ቤቱ የሰጣትን ወረቀት አምጥታ እንዳነብላት ጠየቀችኝ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ምግብ የለም፤ ንጹህ፣ የጠራ ፈሳሽ ግን ከሰርጀሪው ሁለት ሰዓት በፊት ድረስ ይፈቀዳል ይላል። እኔም አሰብኩ። አገራችን ሰው ሲዝል መጀመሪያ የሚጠይቀው ግሉኮስ ነው። ጠርሙሱ ተሰቅሎ ጠብ ጠብ ሲል ያየ ቤተሰብ በሙሉ እፎይ ይላል። እኔ ራሴ በወጣትነቴ ወባ ጥሎኝ በግሉኮስ ተነስቻለሁ። ታዲያ ይህችን የጾመች ሴት እንዴት በባዶ ሆዷ ቢላ ሥር እሰዳታለሁ? ጥሩ ማር ነበረኝ። ወፈር ያለ ብርዝ በጠበጥኩና በነጭ ጨርቅ ሦስት ጊዜ አጠለልኩት። ከጠራ ፈሳሽ በላይ ጠራ። ንጋት ላይ በቴርሞስ ይዤላት ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ይሄ ይፈቀዳል?»

«ወረቀቱን አንብቤዋለሁ እኮ። ጠጪ፣ ብርታት ነው።»

እኔ ካልኩ ብላ ጠጣችው። ሙሉውን።

ሐኪም ቤት ነርሷ ጣቷን ወጋችና የደም ስኳሯን ለካች። አሥራ ሦስት። በዚህ አገር አለካክ ያልበላ ሰው ከሰባት ማለፍ የለበትም። ሌላ ጣት ወጋች። አሥራ ሦስት ከምናምን። «ምግብ በልተሻል?» «አልበላሁም።» «የጠራ ፈሳሽ ብቻ?» ዘነበወርቅ እኔን አየችኝና «የጠራ ብቻ» አለች። ሰማያዊ ቆብ ያደረገው ቀዶ ሐኪም መጣ፤ ረጅም ወጣት ነው። ቁጥሩን አየ፣ ሰውነቷን አየ፣ ተነፈሰ። ደም ውስጥ ስኳር ሲበዛ፣ ለጥቂት ሰዓት እንኳ ቢሆን፣ ቁስል ጀርም እንደሚይዝ፣ ጀርሙ ብረቱ ላይ ከሰፈረ ደግሞ ጉልበቱ ሁሉ እንደሚበላሽ ነገራት። «ምንም ሳትበዪ ይህን ያህል ከሆነ ስኳርሽ ከቁጥጥር ውጭ ነው። ክብደትሽን ቀንሺ፤ የዛሬ ዓመት እንተያይ» አላት።

እኔ አጠገቧ ነበርኩ። አፌን ብከፍት ያ ሰው ማሩን ያውቅ ነበር። አልከፈትኩም። በሕይወቴ ብዙ ተናግሬያለሁ፤ ያን ጠዋት ግን ዝም አልኩ።

አውቶቡስ ተሳፈርን። ከመውረዳችን በፊት፣ «ጋሼ፣ ያ ማሩ ነው አይደል?» አለችኝ።

«ሊሆን አይችልም» አልኳት።

እሷ ግን በነገታው እያነከሰች ኤግሊንተን ላይ ወዳለው ክሊኒክ ሄደች። እዚያ ጆይስ የምትባል ከጃማይካ የመጣች አሮጊት ነርስ አለች፤ ሰውን ሁሉ ዳርሊንግ የምትል። ዘነበወርቅ ማር መጠጣቷን ነገረቻት፤ ማን እንዳጠጣት ግን አልነገረቻትም። ጆይስ ትንሽ የስኳር መለኪያ ሰጠቻትና፣ «ዳርሊንግ፣ ስኳር ላይ ሰው ከሚነግርሽ ይልቅ የራስሽ ጣት የሚነግርሽን እመኚ» አለቻት። ዘነበወርቅ ቅዳሜ ጠዋት መለኪያውን ይዛ በሬን አንኳኳች።

«ጋሼ፣ ያንኑ ብርዝ ይበጥብጡ። በዚያው ልክ፣ በዚያው ማር። ሁለት ብርጭቆ።»

«ሁለተኛው ለማን ነው?»

«ለእርስዎ ነዋ። ሊሆን አይችልም አላሉም?»

ኩሽናዬ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀመጥን። ከመጠጣታችን በፊት ተለካን። እኔ አምስት፣ እሷ ስድስት። «አየሽ» አልኳት፤ «እዚህ ግባ የሚባል ልዩነት የለም።» ጠጣን። ከአንድ ሰዓት በኋላ እኔ ስምንት ገባሁ፣ እሷ አሥራ ሦስትን አለፈች። በሁለተኛው ሰዓት እኔ ወደ ቦታዬ ተመልሻለሁ፣ እሷ ገና አሥራ አንድ ላይ ናት። በቁመናዬ ትንሽ ኮራሁ፤ ቀጭን ነኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ ደረጃ በእግሬ እወጣለሁ። ቀና ብዬ ሳያት ግን ኩራቱ ጠፋብኝ።

ሦስት ጊዜ ውሃ ጠይቃለች። ሦስት ጊዜ ሽንት ቤት ደርሳ ተመልሳለች። ከንፈሯ ደርቋል። ግድግዳዬ ላይ ያለውን የዘመን መቁጠሪያ እንድታነብ ብጠይቃት ዓይኗን አጠበበች። «ሻሽ የጣሉብኝ ይመስለኛል። እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል። ደግሞ ተናድጃለሁ፣ ምን እንዳናደደኝ ግን አላውቀውም።»

«እኔ ነኝ ያናደድኩሽ።»

«እርስዎን ቆይቼ እመጣብዎታለሁ፤ ይሄ ሌላ ነው» ብላ ሳቀች። በአራተኛው ሰዓት ወደ ሰባት ወረደች። ያኔ ፊቷ ተመለሰ፣ የዘመን መቁጠሪያውንም ከሩቅ አነበበችው።

በኋላ ጆይስ ስትነግረኝ ያልገባኝ ነገር አልነበረም። እኔ የቧንቧ ሰው ነኝ። የደም ሥር ብረት አይደለም፤ እንደ ጎማ ነው፣ ደም ሲበዛበት ይሰፋል። ስኳር ሲጥለቀለቅ ግን ይደነዝዛል፣ ሲጠሩት አይሰፋም። ጀርም የሚያባርሩት የደም ወታደሮችም ይሰንፋሉ። ኩላሊት ትርፉን ስኳር ለማስወጣት ውሃውን አብሮ ይገፋል፤ ጥማቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። ወፍራም ሰው ላይ ደግሞ ስኳሩን ወደ ጡንቻ የሚያስገባው ኢንሱሊን ሥራው ይከብደዋል፣ እንዲሰማ ብዙ መጮህ አለበት። እኔ ላይ በሁለት ሰዓት የሚያልፈው እሷ ላይ ግማሽ ቀን ይቀመጣል። ነገሩ ይኸው ነው። ጆይስ «ይህን ያህል ቶሎ የገባው ሰው አላየሁም» ብላኛለች።

ዘነበወርቅ ግን ከኩሽናው ወንበር ሳትነሳ ከሁላችንም በፊት ነገሩን ጨርሳው ነበር። «ሰውነቴ ማር ሲገባበት ይቸገራል፤ ይሄን አልክድም። ማር ካልደፉበት ግን ሥራውን ይሠራል። ያ ሐኪም ያየው ማሩን ነው። የፈረደው ግን በእኔ ነው።» ከዚያ ጣቷን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረገች። «በማር ቀጠሮዬን አላጣም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋትና ከምግብ በኋላ ትለካለች፣ ቁጥሩንም ከግድግዳ ባወረደችው ያለፈ ዓመት የዘመን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ ትጽፋለች። የትኛው ምግብ ስኳሯን ከፍ እንደሚያደርገው፣ የትኛው እንደማይነካው ለየች። ለስላሳ መጠጥ ከቤቷ ወጣ። እንጀራው አንሶ ጎመኑና ምስሩ በዛ። በበላች ቁጥር የስድስተኛውን ፎቅ ኮሪደር ግድግዳ ይዛ አሥር ደቂቃ ትመላለሳለች፤ ጡንቻ ሲሠራ ስኳሩን እንደሚበላው ጆይስ ነግራታለች። በዚያ ጉልበት! ደረጃውን ወጥቼ ስደርስ ፊቷ በላብ ተነክሮ ሳገኛት «ይበቃሻል» እላታለሁ። «ለማን ነው የሚበቃኝ?» ትለኛለች። ከፋሲካ በኋላ ግብዣው ሲበዛ ደግሞ ሌላ ጦርነት መጣ። አንዷ ጎረቤት ኬክ ዘርግታ «በሞቴ! በሞቴ ዘኑ!» ስትላት፣ «ሞትሽን ለሌላ ቀን አቆዪው፤ ዛሬ ሥራ አለብኝ» ብላ ሳህኑን መለሰችላት። ጎረቤትየው አንድ ወር አኮረፈቻት። የዘነበወርቅ ክብደት እዚህ ግባ በሚባል መጠን አልቀነሰም። ቁጥሩ ግን ቀጥ ብሎ ቆመ።

ጆይስ በር አንኳኩታ ከዚያው ቀዶ ሐኪም ጋር ቀጠሮ አስያዘችላት። ዘነበወርቅም «እንግሊዝኛው ሲከብደኝ ይረዱኛል» ብላ ይዛኝ ሄደች። ሰውየው ኮምፒውተሩን ከፈተ። «ስኳሯ ከቁጥጥር ውጭ ነው፣ መመሪያም አትከተልም ይላል እዚህ» አለ። ዘነበወርቅ የዘመን መቁጠሪያውን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። አነበበ። አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሶ ደግሞ አነበበ።

«እነዚህ ጥሩ ናቸው። ታዲያ ያን ጠዋት አሥራ ሦስቱ ከየት መጣ?»

«ማር ጠጣሁ» አለች በእንግሊዝኛ።

«ማን ጠጪ አለሽ?»

«ማንም። እጄ አነሳው፣ አፌ ጠጣው።»

ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለችም። ያኔ «እኔ ነኝ» አልኩ። «እኔ በጥብጬ፣ እኔ አጠልዬ፣ እኔ ነኝ ያጠጣኋት። ብርታት እንዲሰጣት ብዬ ነው። ያን ቀንም አጠገቧ ቆሜ ሳልናገር ቀረሁ። መመሪያ ያልተከተለው እኔ ነኝ እንጂ እሷ አይደለችም።» ስህተቱን በሰው ፊት የሚያምን ብዙ ሽማግሌ አላውቅም። በዚህም ቢሆን ከእኩዮቼ እበልጣለሁ። ግን ሁለት ወር ዘግይቻለሁ፤ ይህም ይጻፍ።

ሐኪሙ እሷን አያት። «ለምን ያኔውኑ አልነገርሽኝም?»

ይህን በአማርኛ መለሰች፣ እኔ ነኝ የተረጎምኩት። «ሽማግሌን በሰው ፊት አላዋርድም ይበሉት። ራሳቸው እስኪናገሩ ጠበቅኩ።» ቃል ሳላጎድል ተረጎምኩት።

ሰውየው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። ክብደቷ አሁንም እንዳለ፣ ቁስሉ በቀጭን ሰው ላይ እንደሚድነው በቀላሉ ላይድን እንደሚችል ነገራት። ዘነበወርቅ ክንዷን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች።

«ውፍረቴን አውቀዋለሁ። ከአንተ ዕድሜ በላይ አብሮኝ ኖሯል። በአንድ ዓመት አይሄድልህም፤ ጉልበቴ ግን በአንድ ዓመት ይሄዳል። ስኳሬን እኔ እይዝልሃለሁ። አንተ ጉልበቴን ያዝልኝ።»

እሱም ጥቂት አሰበና፣ ሌላ ሰው ቀጠሮውን ሲሰርዝ ቦታው ይሰጣታል፣ ያን ጠዋት ከአሥር በላይ ከተለካች ግን ክርክር የለም አላት። «ከአሥር በላይ ከሆነ እኔው ራሴ ልብሴን ለብሼ እወጣለሁ» አለች። ከዚያም ከወንበሯ አልተነሳችም። ጣቷን ወደ ኮምፒውተሩ ቀሰረች። «ያንን የጻፍከውን አጥፋው።» የተጻፈ አይጠፋም አለ። «እንግዲያው ከሥሩ ጨምርበት። ጋሼ፣ ሲጨርስ ያንብቡልኝ።» ጻፈ። አነበብኩላት። ስኳሯን በሚገባ ትቆጣጠራለች፣ ያን ጠዋት ከፍ ያለው በስህተት በተሰጣት መጠጥ ነው ይላል። ያኔ ተነሳች።

በግንቦት ኮል አደረጉላት፤ ቦታ ተገኝቷል፣ ነገ ጠዋት። ላደርሳት ስመጣ በሯ ላይ አቆመችኝ።

«ቦርሳዎን ይክፈቱ ጋሼ።»

«ምን ማለትሽ ነው!»

«ይክፈቱ።»

ከፈትኩ። መነጽርና ጋዜጣ ነበር። «እሺ፣ እንሂድ» አለች።

ነርሷ ጣቷን ስትወጋ እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። «ስድስት ነጥብ ስምንት» አለች። ዘነበወርቅ ነጠላዋን አውልቃ አጣጥፋ ሰጠችኝና በተሽከርካሪው አልጋ ላይ ተጋደመች።

በማግስቱ ልጠይቃት ስገባ አልጋዋ ላይ ቀና ብላ ተቀምጣለች። ወዲያው ሁለት ሠራተኞች አንድ ትልቅ ማንሻ እየገፉ መጡ፤ ሰንሰለትና ሰፊ የሸራ ማንጠልጠያ ያለው፣ እኔ በሱፐርነት ዘመኔ ሞተር ለማንሳት የምጠቀምበትን ዓይነት። ወንበሩን ስቤ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ።

«ይሄ ለማን ነው?» አለች ዘነበወርቅ።

«ላንቺ ነው። መቆም መጀመር አለብሽ፤ በክብደትሽ ምክንያት በእሱ ነው የምናነሳሽ።»

ማንሻውን ከላይ እስከ ታች አየችው። «መልሱት» አለች። እኔ ሳልተረጉመው ገባቸው። አንደኛው ሊያስረዳት ሞከረ። እሷ ግን እግሮቿን አንድ በአንድ ከአልጋው አውርዳለች። አልጋዋ አጠገብ የቆመውን ባለ አራት እግር መደገፊያ ሁለት እጇን ዘርግታ ጨበጠች። የአንገቷ ሥር ተገተረ፣ ግንባሯ ላይ ላብ ጠብ አለ፣ አንድ ከባድ ትንፋሽ አወጣች፤ ቆመች። ሠራተኞቹ ከግራና ከቀኝ እጃቸውን ዘርግተው ሳይነኳት ተከተሏት። ቀስ እያለች እስከ በሩ ሄደች። በሩን በአንድ እጇ ያዘችና ወደ ኋላ ዞራ አየችኝ።

«ጋሼ፣ ምን ተቀምጠዋል? ይነሱ እንጂ።»

ተነሳሁ።